የሸረሪት ክር

ስቶያን ከባቡር ሥራ በወጣ ባመቱ፣
በድሮ ቀያሾች ዕቃ ሞላ ቤቱ፤
ካልጋው ሥር ሰንሰለት፣ መቶ ቀለበቱ
ዘጠና ዘጠኝ ነው፣ ጎድላ አንዲቱ፤
ከድንች ጆንያ ጋር ተደግፎ ቆሞ
ባለሦስት እግሩ፣ አንድ እግሩ ታሞ፤
ውሃልኩ መስኮት ላይ፣ በብርጭቆው ውስጥ
አንዲት ያየር አረፋ እንደ ዓይን ስታፈጥ።
ሚስቱ ቪዳ ደግሞ እሑድ እሑድ ማታ
«ዛሬስ ምን ገዛህ?» ነው የእርሷ ሰላምታ።

አንድ ቀን ትሪየስት፣ ካሮጌ ዕቃ ተራ፣
ሲከራከር ውሎ፣ ከፍሎ በኪሳራ፣
አንድ ቴዎዶላይት በካፖርት ጠቅልሎ
በጓሮ በር ገባ፣ ቪዳ አታይም ብሎ።
አይታዋለች።

ናሱን ቢወለውል ቁጥሩ ሁሉ አለ፣
መስታወቱም ደህና፣ ምንም ያልጎደለ፤
ከዓይኑ ውስጥ ብቻ መስቀል የሠራው ክር
ተበጥሷል፤ ክሩም የሸረሪት ድር፣
በጥንቱ ሙያ ሕግ ሌላ የማይተካው፣
ከሸረሪት በቀር ፈታይ የማያውቀው።

«ሠራተኛ አለችኝ፣ ጣራው ላይ ነዋሪ፣
መጥረጊያ ይዘሽ ሄደሽ እንዳታባርሪ»
አላት። ቪዳ ሳቀች። ጥጉን ተወችለት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን፤
ሳያብር፣ ብቻውን፣ ምን እንዳሰረ ግን
መች ጠየቅን?

ጦርነቱ አልቆ፣ ስቶያን ልጅ እያለ፣
አንድ መኮንን መጥቶ ደጃቸው ተተከለ፤
አባት ወተት ሰጡት፤ ጠጣ፣ አመሰገነ፣
መሣሪያው ላይ ጎንበስ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣
«ትንሽ ወደ ግራ» አለ ካስማ ለያዘው፣
እጁን ወደ ታች አለ። ይኸው ነው፣ ይኸው።
ቤቱ ዩጎዝላቪያ፣ ጉድጓዱ ጣልያን ሆነ።
አክስቱ ዳኒትሳ ባልዲ ይዛ ወርዳ
ስትመለስ ወረቀት ተጠየቀች።

ዛሬ ኬላ የለም፤ ዘበኛ በቆመበት
አይስክሬም ይሸጣል፣ ልጅ ይነዳል ብስክሌት።
ስቶያን ግን ውሃ ሲቀዳ
እስካሁን ዞር ብሎ ያያል።

ድሩን በሰም ጫፉን ያዘው፣ ትንፋሹን ውጦ፣
በመነጽሩ አየ፤ ዓለም ተገልብጦ፦
የድሮ መነጽር ነው፣ እንዲህ ነው የሚያሳየው፣
ሣሩ ጣራ ሆኖ፣ ሰማዩ ከታች ነው።
ቪዳ ለቲማቲሟ ውሃ ቀድታ ስትመጣ
እንደ ሌሊት ወፍ በሣሩ ጣራ ትሄዳለች፣
ባልዲው ተዘቅዝቆ አንዲት ጠብታ አይፈስም።

ክሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።
ስቶያን እጁ ናሱ ላይ ቀረ።
ባልዲውን ከቀኝ ወደ ግራ እጇ አዛወረች፤
ከብዷት ነው።
አለፈች።