ለአዲሱ ልጅ፣ ባሩድ ከመስፈሩ በፊት

ሙህዬ፣ ሲጋራህን ደጅ አጥፍተህ ግባ፤
ይህች ሱቅ ጠባብ ናት፣
እኛንና እሳትን አንድ ላይ አታስገባ።
ውጭ ዓርብ ነው። የኒዝዋ ፍየል ይጮኻል፤
ሻጩ በገመድ እየጎተተ ክቡን ይዞራል፤
ደላላው ዋጋ ይጠራል።
እዚህ ግን አይቸኮልም። ወንበሩን ሳብ፣ ወደ መብራቱ ጠጋ፤
አንተ በነጻ ስማው፣
እኔ ከፍዬበታለሁ ዋጋ።

ይህች ሽጉጥ ቀለህ አታውቅም።
ስድስት ቤት አላት፤ ሽማግሌው ኻልፋን «ቡዩት» ይላቸዋል፣
ቃሉ ከኛው ቃል ጋር ይዛመዳል።
ለእያንዳንዱ ቤት ባሩድ፣ ከባሩዱ ላይ እርሳስ፣
በጓሮ በኩል የመዳብ ቆብ፣ እሳቱን የሚቀሰቅስ።

ጥቁሩ ባሩድ ድሮ ቀረ። ይኼ ምትኩ ነው፣
ግራጫ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀው።
ከጥቁሩ ይቀላል፤ ሚዛን ላይ አታውጣው፤
ምትክ በክብደት አይታወቅም፣
በስፍር ነው የሚለካው።
እኔም ምትክ ነኝ። እዚህ ወንበር ላይ የኬረላው ጆሴፍ ነበር፤
ሁለት ዓመት ሙሉ በእሱ ስም ሲጠሩኝ «አቤት» እል ነበር።

ከጣሳው በቀጥታ ወደ ሽጉጧ አታፍስ።
ከጣሳ ወደ መስፈሪያ፣ ከመስፈሪያ ወደ ቤቷ፤ ክዳኑንም መልስ።
የተኮሰች ሽጉጥ ሆዷ ውስጥ ፍም ታሳድራለች፤
አንዲት ፍንጣሪ ወደ ጣሳው ከዘለለች
የኻልፋንን ሱቅ በአፍታ ሜዳ ታደርጋለች።

አረሩን በመግፊያው አጥብቀህ ተጫን፤
በባሩድና በእርሳስ መሃል ንፋስ አይደርብን።
ጠርዙ ላይ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተልጦ ከወጣ
ቤቱ ተዘጋ፣ እሳት መሹለኪያ አጣ።
ከዚያ ከላይ ሞራና ሰም ቀባ።
በሐምሌ ግን የዚህ አገር ፀሐይ ሞራውን ታቀልጠዋለች፣
ይወርዳል እንደ እንባ፤
ስለዚህ ከአረሩ በፊት፣ ከባሩዱ ላይ፣ የሱፍ ድፋን አስገባ።

ይህን ግራ እጄን እይ። ጠቋሚ ጣቴ የት አለች?
ያን ቀን ሞራው አልቆ ነበር። «ለአንድ ቀን ምን አለበት» አልኩ፤
ዋዲው ውስጥ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ በሁለት እጄ ይዤ ተኮስኩ።
አንዱን ቤት ጠራሁ፣
ሦስቱ «አቤት» አሉ።
እሳቱ ከቤት ወደ ቤት ዘለለ፣ እንደ ሐሜት፤
ግራ እጄም ከፊቱ ነበረች፣ በማያገባት።
ኻልፋን ሙሰሩን ከራሱ ፈትቶ አሰረልኝ፤ አልተቆጣ።
በማግስቱ ብቻ
የሞራ ጣሳ ይዞ መጣ።

ባለፈው ሳምንት ሀይሰም የሚባል ጎረምሳ ገባ፤
በፕላስቲክ ዕቃ የአዲስ ጠመንጃ ባሩድ ይዟል፣ ጭስ የሌለውን።
«ይኼም ባሩድ፣ ያም ባሩድ» አለ።
ኻልፋን ሳቀ፦
«የአያትህ አህያ ላይ የመኪና ሞተር ትጭናለህ?» አለ።
ልጁ ኮርፎ ወጣ። ወዴት እንደሄደ አላውቅም።
ከዚያ ወዲህ ከበረሃው በኩል ድንገት ሲፈነዳ
ሽማግሌው ሻዩን አስቀምጦ
ጆሮውን ይሰጣል።

ቆቡ በመጨረሻ ነው፣ አፈሙዙ ወደ አሸዋ ዞሮ።
ስድስተኛው ቤት ባዶ ይሁን፤ መዶሻው እዚያ ይረፍ አቀርቅሮ።
ቢከሽፍ አፏን አትመልከት፤ ወደ አሸዋው እንደያዝክ እስከ ስልሳ ቁጠር፤
የዘገየ እሳት እንደ ዘገየ ደሞዝ ነው፣
ይመጣል፤ ቀኑን ግን አይናገር።
ማታ ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት።
ምትኩም ብረት ይበላል፤
አይታመንም ያደረ ለት።

ፍየሎቹ ተሸጡ መሰለኝ፣ ጩኸቱ በረደ።
መስፈሪያውን አንሳ። እጅህ ለምን ራደ?
ይራድ፣ ግድ የለም፤
የኔን ጣት የወሰደው ያልራደ እጅ ነው።
አሁን አንተ ስፈር።
እኔ ከጎንህ ነኝ፤ የሚቀጥለውን ቤት
በሌለችው ጣቴ አሳይሃለሁ።