ነው ወይስ ይሁን

ሳቢያን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ማራገቢያው ሙቀት ያማስላል፣
ብርጭቆዬ ላይ የቀረው ውሃ የተረሳ ሻይ ይመስላል።
ስለ ደቻቱ ነው የምጽፈው፤ ስለዚያ ደረቅ ወንዝ፣
ዓመቱን አሸዋ ሆኖ ከርሞ፣ ባንድ ሌሊት መዘዝ ለሚመዝ።

ደንገጎ ሥር ዘንግ ተክለናል፤ የውሃ ደረጃ ይለካል፣
ከዜሮ እስከ ሦስት፣ በየደቂቃው፣ አንድ ቁጥር ወደ ማሽኔ ይልካል።
የኔ ድርሻ አንዲት መስመር ናት፦
«ደረጃው ሦስት ከሆነ፣ ከተማውን ቀስቅስ።»
ካልሆነ ዝም በል፤ አሸዋውም ይተኛ፣ ሰውም እንቅልፉን ይጨርስ።

የእኩል ምልክት ተንኮለኛ ናት።
አንድ ጊዜ ከጻፍካት «ይሁን» ማለት ነው፤ ሹመት፤
ሁለት ጊዜ ከጻፍካት ግን «ነው ወይ?» ናት፣ አንገት የደፋች፣ ትሕትና ያላት።
እኔ፣ እንቅልፍ አንገላቶኝ፣ አንዷን ጣቴ ዋጣት።

ጠየቅሁ ብዬ ሾምሁ።
ማሽኑም ታዛዥ ነው፤ ደረጃውን ሦስት አርጎ ሾመና
«ሦስት ነው» ብሎ መሰከረ፣ የገዛ ቃሉን አመነና።

ሰማዩ ኮከብ ታጭቆበት፣ ደመና ለመድኃኒት ጠፍቶ፣
ስልክ ሁሉ ጮኸ፤ ከመጋላ ሰው ወጣ፣ ልጁን አንጠልጥሎ፣ ፍራሹን ትቶ፤
አንዱ ፍየሉን፣ አንዱ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ፣
ባጃጅ በባጃጅ ላይ፣ ከድልድዩ አፍ ተቋጥሮ ቆሞ።
ከደረቅ ወንዝ ሸሹ።

ማንም አልሰጠመም።
አዴ ሩቂያ ብቻ፣ ቲማቲሟን ወንዙ ውስጥ ሸራ አልብሳ የምታሳድር፣
ሦስት ሣጥን ተረገጠባት። ጧት ቢሯችን መጣች፤ ስድብ የለ፣ ክርክር።
ጭማቂ የነካው ቀሚሷን አየች፣ እኔን አየች፣
«ወንዙን ጠይቀሽው ነው፣ የኔ ልጅ፣ ወይስ አዘሽው?» አለች።

ቲማቲሙን ከደሞዜ ከፈልሁ። ጥያቄው ግን ቀረ።

በባቡሩ ዘመን፣ አባቴ አብዶሽ፣ የመጋዘኑ ሚዛን ጠባቂ፣
ኪሱን ጠመኔ የማይለየው፣ ከፍርዱ በፊት ጠያቂ፣
ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ክብደቱን እዚያው ጀርባው ላይ ይጽፋል፤
ከመቶ ካለፈ ወደ ግራ፣ ካላለፈ ወደ ቀኝ ያሳልፋል፤
ከዚያ በመዳፉ ጠረግ።
ቁጥሩ ዕድሜው ያችው ውሳኔ ናት፤ ከመጋዘኑ በር ወዲያ የለም።
«ለምን ታጠፋዋለህ?» ስለው፣
«የዚህን ልክ ይዤ የሚመጣውን እንዴት ልመዝነው?»

ዛሬ መስመሯን እንደሱ አድርጌ ጻፍኳት፤
እዚያው፣ «ከሆነ» በሚለው ቅንፍ ውስጥ፣ ለመጪው ቁጥር ስም አወጣሁለት፣
ከደንገጎ የወረደውን አስያዝሁት፣
ከዚያ ጠየቅሁት።
ቅንፉ ሲዘጋ ስሙም ይጠረጋል፣ እንደ ጠመኔው።
አሁን ስልኩ ዝም ብሏል። ደቻቱም አሸዋውን ተንተርሷል።

ይህን ሁሉ ዐውቄ፣ ትናንት ማታ አባቴ ጋ ደወልሁ፤
«ደህና ነህ» አልሁት።
ያለ ጥያቄ ምልክት። ሁላችን እንደምንለው፣
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፈጠን ብሎ።
«አልሐምዱሊላህ» አለ። ታዛዥ ነው።
ከቃሉ ኋላ ሳል ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
እኔ ግን ደህና አድርጌ ሾሜው ነበርና ስልኩን ዘጋሁት።

ነገ ዓርብ ነው። ገንደ ቆሬ እሄዳለሁ።
ጠመኔ የበላውን መዳፉን ይዤ፣ ሁለት ጊዜ፣
«ደህና ነህ ወይ? ደህና ነህ?» እለዋለሁ፤
ከዚያ፣ ቁጥሩ ከደንገጎ እስኪወርድ ያህል፣
ዝም እላለሁ።