ካሜራ የማያየው ጎን

ስላው ከተማ ዳር፣ ከቸኮላት ፋብሪካው ጀርባ፣
በዝናብ ቀን ጣፋጭ ሽታ በየስንጥቁ ሲገባ፣
እኛ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር
ሰማይ ነበር የምንቆረቁር።

ሰማዩ ጥቁር ከፋይ ነው፤ ቁመቱ አምስት ክንድ፣
ኮከቡ የመርፌ ቀዳዳ፣ ከኋላው አምፖል የሚነድ።

መርከቧ ከምን ተሠራች? ካላችሁ ልንገራችሁ፤
ከመጫወቻ መደብር ነው፣ (ለልጆች እንዳትነግሩ እባካችሁ)፤
ሃያ አንድ ታንክ አርደን፣ ጎማውን ገነጣጥለን፣
አምስት ቦምብ ጣይ ገፈን፣ ክንፉን በቢላ ከትፈን፣
ለሞተሯ አፍ የሎሚ መጭመቂያ ገልብጠን ተክለን።
ሁሉም የጦር መሣሪያ ነበር፣ በየሳጥኑ ሲገዛ፤
በድርሰቱ ግን የሕሙማን መርከብ ናት፣ መድኃኒት የምትሄድ ይዛ።

ሲሪል ሆብደን ይባላል፤ ሰንደርላንድ የተወለደ፣
ሃያ ዓመት ብረት የበየደ፣
ዌር ወንዝ ዳር ቆሞ፣ እውነተኛ መርከብ ወደ ባሕር የሰደደ።
የመርከብ ግቢው በሩን ሲዘጋ፣ መዶሻውን ሸጦ፣
ወደ ደቡብ ወረደ፣ ብረቱን በፕላስቲክ፣ ባሕሩን በከፋይ ለውጦ።
መዳፉ አካፋ ያክላል፤ ግን ከሩዝ ፍሬ ያነሰ መስኮት ሲበሳ
ትንፋሹን ውጦ ነው፣ ሻዩ በርዶ፣ ብስኩቱ ሟሙቶ፣ እስኪረሳ።

የሙያው ሕግ እንዲህ ነው፤ ካሜራው ከቆመ በግራዋ
ግራዋ ብቻ ይኳላል። ቀኟ እንጨት ነው፣
ሽቦ የተዘረገፈበት፣ እንግዳ የማያየው ጓዳዋ።
ስትመለስስ? ያው ፊልሙን መገልበጥ ነው፤
ስሟን በመስተዋት ፊደል እንጽፋለን፣ ማንም ልብ አይለው።

ያን ጥር ከሰል ቆፋሪው እምቢ አለ፤ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን።
ከዋክብቱ ድርግም ሲሉ፣ በሙጫው ጭስ ሻማ መለኮስ ፈርተን፣
ካፖርታችንን ደርበን ወጣን።
ሲሪል ቀረ።

የመርከቧ ዕጣ ተቆርጧል፤ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ
ትፈነዳለች፣ ባሩድ በልታ፣ ለአራት ሰከንድ ብላ።
ረቡዕ ማታ ጓንቴን ረስቼ ተመለስኩ፤ በሩን ገፋሁት፣
የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ተንበርክኮ አገኘሁት።
የቀኟን ጎን ይሠራል። መስኮት፣ መሰላል፣ የብሎን ራስ፣
የሕሙማን መግቢያ በር፣ ከበሩ በላይ ትንሽ ፋኖስ፣
ስሟም በቀናው ፊደል።

«ሲሪል፣ ይሄን ማን ያየዋል? ነገ እኮ ነው የምትቃጠለው።»
ባትሪውን ከአፉ አወጣ። ከንፈሩን ጠረገ። ቆየ።
«መርከብ» አለ፣ «ባንድ ጎኗ አትንሳፈፍም።»
መልሶ ነከሰ። ከዚያ ወዲያ አላብራራም።
እኔም ጓንቴን ትቼ፣
ጎኑ ቁጭ አልኩ፣ የአሸዋ ወረቀት አንስቼ።

ሐሙስ። ክላይቭ ባሩዱን አሰረ፤ ኦድሪ «ካሜራ!» ብላ ጮኸች፣
ትንሹ እሳት ተራራ እንዲመስል ፊልሙ በአምስት እጥፍ ሮጠ፤
መርከቧ ፈነዳች።
ሲሪል አላየም። ጓሮ ነበር፣ ሻይ ያፈላል።

ቅዳሜ ማታ፣ በአክስቴ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፣
እሳቱ ከሆዷ ሲወጣ፣ ማንጠልጠያዋ ተበጥሶ ዞረች በድንገት፤
ቀኟ ታየ። መሰላሉ፣ ፋኖሱ፣ ስሟ፣
ከዚያ ነጭ ብርሃን።
አክስቴ «ሻይ ልድገምሽ?» አለች። መልስ አጣሁ።

ሰኞ ወለሉን ስንጠርግ፣ ያልቀለጠውን ለቀምን፤
አሥራ ሦስት የታንክ ጎማ፣ ግማሽ ክንፍ፣ በብስኩት ጣሳ ከተትን።
የሚመጣው ሳምንት ድርሰት የጠላት መርከብ አዘዘ፤
ሲሪል ጣሳውን ዘርግፎ፣ አንዲት ጎማ በጣቱ ያዘ፣
ጥላሸቷን በእጅጌው ጠርጎ፣ ጥርሶቿን አንድ ባንድ ቆጠረ።
«ይቺ ደኅና ናት» አለ፤
በቀኝ በኩል ጀመረ።