ከመስመር ውጪ

ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ ነኝ።
ማንም አልጠየቀኝ፣ ማንምም አይሰማኝ፤
ግን ጅጋ ገበያ፣ በበርበሬው ተራ
ትናንት አየሁትና ስለ እርሱ ላውራ።

ውለታው ነው ስሙ፣ አባቱ ቢያድግልኝ።
ድሮ፣ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ሲያስተምረኝ፣
ዓባይን በጠመኔ ጎጃም ላይ ጠመጠመው፤
እኔ ስስል ጫፉ አልገጥም ሲለኝ፣ “ወንዙን አፈሰስኸው!”
አለኝ፤ ሥቆ አይደለም፤ አዝኖ፣ ከልቡ አዝኖ።
ለመስመር የሚጨነቅ ሰው ነበር፣ ያኔም በጠመኔ ተሸፍኖ።

ከዚያ ግብርና ቢሮ፣ ከዚያም ምክትልነት፣
ከዚያም የክልሉ ርዕሰ መስተዳድርነት።
(መንገዱ አጭር አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያሳጠርሁት፤
ዐሥራ ስድስት ዓመት በሁለት ስንኝ ጨረስሁት።)

“በመስመር ዝሩ!” አለ፣ በየማሳው ወርዶ፣
ችካል ተክሎ፣ ገመድ ወጥሮ፣ ከገበሬው ጋር ማልዶ፤
ጤፍ እንደ ተማሪ ሰልፍ ይዞ እንዲቆም፣
አንዷ ፍሬ ካንዷ እንዳትገፋ፣ እንዳትቀድም።
አንድ ሽማግሌ ሣቁ፦ “ልጄ፣ ጤፍ እኮ ናት!
ቆጥሮ የሚዘራትን ማን ቆጥሮ ይብላት?”
እርሱም ሣቀ አብሮ። ግን ሪፖርቱ ሲጻፍ
“ኋላ ቀር” ተባሉ፣ በግርጌ፣ በኔው የእጅ ጽሑፍ።

እውነቱን ለመናገር፣ ደግ ብቻም አልነበር።
ሦስት ሰው አባሯል፣ በዚያው ሰብሳቢ ወንበር፣
በዚያችው አንድ ቃል፦ “መስመር ስተዋልና”።
አንደኛው፣ ሽታሁን፣ የቡሬው፣ ወጣና
ከበሩ መለስ ብሎ፣ “ይህች ቃል” አለው፣ “እግር አላት፤ ዞራ ትመጣለች።”
ጻፍኋት? አልጻፍኋትም። ከአጀንዳ ውጪ ነበረች።

ኋላ የማዳበሪያው ዕዳ መጣ፣ የዚያ ክረምት ነገር።
“ያልከፈለ ሰው በሬው ይሸጥ” የሚል ደብዳቤ ነበር፣
ከላይ የወረደ። ውለታው ሦስት ቀን አሳደረው፤
በአራተኛው ጠዋት ሳይፈርም መለሰው።
ይኸው ነው። ጀግና ነበር ብዬ አልምልም፤
እጁ ብቻ እምቢ አለ፤ አፉ ምንም አላለም።

ከዚያማ ባሕር ዳር። መጋረጃ የወረደበት አዳራሽ።
“የምትደግፉ?” ሲባል፣ ከዳር እስከ ዳር በቅሎ
እጅ ቆመ በመስመር፣ እንደ ቡሬ በቆሎ።
እኔም፣ ብዕሬን ከቀኜ ሳላስለቅቅ፣
ግራዬን አነሣሁ፣ ዐይኔ ከወረቀት ሳይርቅ።
በአንድ እጄ አባረርሁት፣ በሌላው መዘገብሁ፤
“በሙሉ ድምፅ” ብዬ፣ ከሥሩ አሰመርሁ።

መኪናው ቀረ፣ አጃቢው ቀረ፣ ስልኩም አፉን ዘጋ።
በሚኒባስ መጣ፣ ከኋላ ወንበር፣ ከዶሮ ቅርጫት ጋ።
“ውለታው ተረሳ” አሉ የጅጋ ሰዎች፤ ስም ነው ያሉ አሉ፤
ሌሎቹ ግን ቃሉን አላምጠው፣ ቀስ ብለው ዝም አሉ።

ትናንት በበርበሬው ተራ ዐይን ለዐይን ገጠምን።
“ደህና ነህ፣ ጸሐፊው?” አለኝ። አስነጠሰን።
ሁለታችንም አነባን፤ በርበሬው ነው አልን።

ማሳው ድረስ ሸኘሁት፤ የአባቱ ናት፣ ሁለት ቃዳ።
ችካል የለ፣ ገመድ የለ። ቁናውን በክንዱ አቀፈ፤
ጤፉን በተነው፤ ጥቂቱ ከኔ ጫማ ላይ አረፈ።
“በመስመር አይደለም?” አልሁት፣ የማወራው ፈልጌ።
“አይ” አለ፣ “ሽማግሌው ልክ ነበሩ፤ ይህንንም ጻፍ፣ በግርጌ።”

ደብተር አልያዝሁም ነበር። ማታ ጫማዬን ፈታሁት፤
ከክሩ ሥር ጥቂት ጤፍ ነበር፤ ደጄ ላይ አራገፍሁት።
ሐምሌ ነው። አልጠረግሁት።