ዘጠኝ ፊደል

ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። አምስት ፎቅ በእግሬ
ወጥቼ ደረስኩኝ፣ ደብተሬን ቋጥሬ።
ከጥቁር አንበሳ ሥር ቸርችል ተዘርግቷል፤
ወያላው «ለገሃር! ስታዲየም!» ይላል።
አልጋ ዐሥራ ሁለት ላይ ጋሽ ወልደየስ አሉ፤
ትናንት የጻፍኩላቸውን ብጣሽ ይዘው
ፊደል ይቆጥራሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አራት ኪሎ ወጥተው፣
ማተሚያ ቤት ውስጥ የብረት ፊደል ለቅመው፣
መስመር ሲያሰናዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤
ረጅም ቃል ሲያዩ ጣት ነው የሚበላቸው።

«አ፣ ቴ፣ ሮ፣ ስ፣ ክ፣ ሌ፣ ሮ፣ ሲ፣ ስ።
ዘጠኝ! በጠባብ ዓምድ አይገባም ይሄ፤
የት ላይ ነው የሚሰበር? ንገሪኝ እስቲ ልጄ።»

እኔም ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ እንዲሁ ነው ያጠናሁት፤
ሙሉውን ቃል ስፈራ፣ ከመሃል ሰብሬ ነው ያየሁት።
«‹አቴሮ› ላይ» አልኳቸው፣ «እዚህ ጋ ሰረዝ ያግቡ፤
‹አቴራ› ግሪኮቹ የሚሉት…»
ቆምኩ። ገንፎ ልል ነበር፤ ገንፎ ይወፍራል።
በሶም አይደለም፣ በሶ ሳይፈላ ይበላል።
«አጥሚት» አልኩ በመጨረሻ።

መነጽራቸውን አወለቁ።
መሳቃቸው ይሁን ማዘናቸው አለየልኝም።
«የበኩሬ እናት ተኝታ ሳለች፣ አራስ፣
እኔ ነበርኩ አጥሚት የማማስል፣ እስኪንተከተክ ድረስ።
ቀለም የጠጣ እጄን ሦስቴ በሳሙና አጥቤ፣
ማርና ቅቤ ጣል አድርጌ፤
የተረፋትንም፣ እንዳይደፋ፣ እኔው ጨለጥኩት ተርቤ።
እና እሱ ነው ዛሬ ደረቴን የሚያንቀኝ?»

«ኧረ ስሙ ብቻ ነው!
የጥንት ሐኪሞች ቢያዩት ቢጫ፣ ለስላሳ ነገር፣
አጥሚት መሰላቸው፤ ስብ ነው እንጂ ነገሩስ።»
«ቀሪውስ?»
«‹ስክሌሮ› ደረቅ ማለት ነው፤ የጠጠረ።»
«‹አጥሚት ደረቀ› በይኛ! ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ?
የት ላይ ነው የደረቀው?»
«ደም ሥርዎ ውስጥ።»
«ሥር?» አሉ። «አንቺም የቃል ሥር፣ እኔም የደም ሥር፤
ከአንድ የፊደል ሣጥን ነው ለካ ሁለታችን ስንቆፍር!»

ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ክፍተቱን ትተው፤
ሰባት።
«ሁለት ፊደል አተረፍን» አሉ፣ እንደ ነጋዴ ደስ ብሏቸው።
«በይ አትንኪብኝ፤ ምን እንደማስገባ
አድሬ አስብበታለሁ።»

ማለዳ ስመለስ አልጋው ተነጥፏል።
«ለሽቦው ወርደዋል» አለችኝ ነርሷ፣ ቀና ሳትል።
ትራሱ ሥር ብጣሿ፤
በእርሳስ፣ በተስተካከለ የባለሙያ እጅ፣
«አጥሚት ደረቀ»፤
ከጎኑ ሁለት ባዶ ሣጥን፣ በማስመሪያ የተሠሩ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት።
«ሥር» ይገባል።
«ልብ»ም ይገባል፣ ልክክ ብሎ።
እርስክሪብቶዬን ከፍቼ፣ መልሼ ዘጋሁት።
እሳቸው ያስገቡት።
ታች ወያላው ይጣራል፤ ሊፍቱ እንደቆመ ነው፤
በየትኛው ደረጃ እንደሚያመጧቸው እንጃ።