የጎማው ዕድሜ

የጎማችን ጥርሱ ካለቀ ቆይቷል፤
ድዱ ብቻ ቀርቶ አስፋልቱን ይልሳል።
ማክሰኞ በዝናብ፣ በቸርችል ቁልቁለት፣
ፍሬን ብረግጥበት፣ ደግሜ ብረግጥበት፣
መኪናዋ እንደ ሳሙና ሄደች፤
ከፊቴ የቆመው ሚኒባስ ጋ ደርሳ፣
አንድ ክንድ ሲቀራት፣ ምን እንዳሰበች እንጃ፣
በራሷ ፈቃድ ቆመች።
አማቴ ለሚካኤል ስለት ተሳለች፤
ልጆቹ ሳቁ።
እኔ፣ እጄ ከመሪው ጋር እንደ ተጣበቀ፣
የጫንኩትን ነፍስ ቆጠርኩ፤
ለአምስት በተሠራ መኪና ስድስት ነበርን።

ቅዳሜ፣ ሶማሌ ተራ።
ባሌ ሰመራ ነው፣ ለሥራ፤
በስልክ ያዝዘኛል፦ "ጃፓን ካልሆነ ተይው፣
የቻይናውን እንዳትነኪው፣
ስኮርታውንም አሳዪው፣
ሻጩን ደግሞ..." መስመሩ ይቆረጣል።
እሱ ያለበት ሙቀት ጎማ ያቀልጣል፣
እኔ ያለሁበት ጭቃ ጫማ ያስወልቃል።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጎማ በጎማ ላይ
እስከ ቆርቆሮው ድረስ ተቆልሏል።
ባለሱቁ ኸይሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤
"ባልሽ የለም እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።
"አለ። ሰመራ ነው።"
"እንግዲያ ደውይለት።"
"ደውዬ ጨረስኩ። አንተ ዋጋ ጥራ።"

ጠራ።
የጃፓኑ፣ አንዱ ብቻ፣ ሃያ ስምንት ሺህ።
የእቁቤን ዕጣ፣ የመስከረምን የትምህርት ቤት ክፍያ
በልቤ ደመርኩ፣ በልቤ ቀነስኩ።
ሁለት አዲስ ገዝቼ በሁለት አሮጌ ልክረም?
አዲሶቹስ ከፊት ይግቡ ወይስ ከኋላ?
በር ላይ የቆመ ደላላ፣
ማንም ሳይጠይቀው፣ "ፊት ነው የሚመራ!" ብሎ ማለ።
ጎሚስታው ሽኩር ግን ክሪኩን አስቀምጦ
አሮጌ ጎማዬን በመዳፉ ዳበሰ፤
እንደ ወጌሻ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
"ውስጥ ውስጡን ተበልቷል፤ አላይመንቱ ዞሯል።
ቀኙ ይብሳል ደግሞ።
በቀኝ በኩል ከበድ ያለ ሰው ይቀመጣል?"
አማቴን አሰብኩና ዝም አልኩ።

ይሄኔ ኸይሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ከጓሮ አንድ ጎማ አንከባሎ፣
"ይህን ለአንቺ ስል ነው። አራት አለኝ። ጃፓን፣ በሃያ ሺህ።
ዘንድሮ የተሠራ! ቁጥሩን እዪው፣ ጎኑ ላይ፦
ሠላሳ አንድ፣ ዐሥራ ሰባት።
ዘንድሮ ስንት ነው? ዐሥራ ሰባት አይደል?"
ነው። ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት፣ ሐምሌ፤
ጳጉሜን እንኳ ገና ነች።
ደስ አለኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ልጄ ልዕልና፣ ዐሥራ አንድ ዓመቷ፣
የጎማውን ጸጉር አንድ በአንድ እየነጨች፣
"እማ" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣
"ጃፓኖች እንቁጣጣሽ ያከብራሉ እንዴ?"

ደላላው ሳል መጣበት።
ሽኩር ፊቱን ወደ ቸርኬው አዞረ፤
ትከሻው ይንቀጠቀጣል።
በፈረንጅ ዐሥራ ሰባት፣ ልጄ የሦስት ዓመት ሳለች
የተወለደ ጎማ፣
አንድም ኮረት ሳይረግጥ ጓሮ ያረጀ ጎማ፣
በእኛ አቆጣጠር ወጣት ሊሆንልኝ!
ከዓለም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር እናንሳለን፤
ኸይሩ ልዩነቷን ሸጦ ሊበላት ነበር።
"አላስተዋልኩም" አለ።
"ወላሂ" ግን አላለም።

ባሌ ደወለ። አላነሳሁም።
የቻይናውን አራቱን አዘዝኩ፣ ዐሥር ሃያ አምስት የሚለውን፤
ልዕልና እየተንበረከከች አራቱንም አነበበች፣
ኸይሩ በሐፍረቱ ልክ ቀነሰልኝ፦
ሃምሳ ስድስቱ ሺህ ሃምሳ ሁለት ሆነ።
አሮጌዎቹን ሽኩር ወሰዳቸው፤ በረባሶ ቆራጭ ዘመድ አለው።
እንግዲህ የአማቴ ክብደት የበላው ቀኙ ጎማ
በማን እግር እንደሚሄድ እንጃ።

ስንመለስ ዘነበ።
እዚያው ቁልቁለት ላይ ቀይ በራ።
ረገጥኩ።
ሃምሳ ሁለት ሺህ ብር
የከፈልኩት ለዚህች ነበር፤
ቀጥ ብላ ቆመች።
ልዕልና የጎማ ጸጉር ከጣቷ እያራገፈች
"እነዚህስ መቼ ያረጃሉ?" አለች።
"በማን ቁጥር?" አልኳት።