ጳጉሜ ስድስት

ኮዬ ፈጬ። አራተኛ ፎቅ። ከሌሊቱ ስምንት።
መስኮቴ መስታወት የለውም፤ ላስቲክ ወጥሬበት
ነፋስ ያንኳኳዋል። ከወንዙ ማዶ ጅብ ይጮሃል፤
ከብሎኩ ጀርባ ከተማው ያልቃል፣ ማሳው ይቀጥላል።

ሁለት መቶ አስራ ሁለቱ ፈተና አልፏል፤
አረንጓዴው እንደ ሐምሌ ሣር ስክሪኔን ሞልቷል።
አንዷ ግን ቀይ ናት፤
የአስራ ሦስተኛዋ ወር ስድስተኛዋ ዕለት፣
በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል እንግዳ፣
ሂሳቤ በር ዘግቶባት የቀረች ከሜዳ።

ምንተስኖት ደወለ። «ምነው ዘገየሽ?
ጠዋት ርክክብ ነው! ለአንዲት ቀን ብለሽ?
ዝለያት በቃ፤ ማን ያያታል?
ጳጉሜ ስድስት እስክትመጣ ስንት ውሃ ይፈሳል!»

መዝለል ቀላል ነው፤ አንድ ምልክት ከፊቷ፣
ወዲያው ይጠፋል ቅላቷ።
ግን ደንቡን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በደህናው ጊዜ፣
እንቅልፍ ጠግቤ፣ አለቃ ሳይጮህብኝ፣ ሳይዘኝ ትካዜ፦
«ሁሉም ካላለፈ ግንባታው አይነሳ።»
ማሽኑም እንደ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጉቦ አያውቅ፣ አይረሳ።

ታች፣ ማሳው ጥግ፣ አዴ ጉደቱ ይነሳሉ ሳይነጋ፤
ከመሬታቸው የቀረው ሦስት ላም ነው፣ ሌላው ሄዷል በካሳ ዋጋ።
ሰባት ሊትር ለማኅበሩ፣ በቢጫ ጀሪካን፣
ክረምት አይሉ በጋ፣ ቀን በቀን።
ላሚቱ ሉቃስን ከማቴዎስ አትለይም፤
ጳጉሜ ስድስት ነው ብላ ወተቷን አትይዝም።
ያን ዕለት ሰባቱ ሊትር የት ይጻፋል?
የኔ ሂሳብ ዜሮ ብሎ ያልፋል።

በደረጃችን ግድግዳ ስንጥቅ አለ፣ ከምድር እስከ ሦስተኛ የሚወጣ፤
ለርክክቡ ጠዋት ቀለም ቀቡት፤ ቀለሙ ረገፈ፣ እሱ ተመልሶ መጣ።
ያኔም አንዱ ብሏል፣ «ማን ያየዋል?»
እኔ አየዋለሁ። ማታ መብራት ሲጠፋ ጣቴ ተከትሎት ይወጣል።

ጥፋቱን አገኘሁት፦ «አምስት»፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት፣
አምናን ብቻ አይቼ ለዘላለም ያደረግኩት።
አረምኩ። ሌሎች ሁለት ቀሉ። ተሳደብኩ። ደግሜ አረምኩ።
መብራት ሄደ፤ በባትሪ፣ በሠላሳ አንድ በመቶ፣ ጠበቅኩ።

ሁለት መቶ አስራ ሦስት።
ስልኩ በራ፦ «አለቀ?» አልመለስኩለት።
ዘበኛው ገለል አለ። ሳልነካው ግንባታው ጀመረ፣
መስመር በመስመር፣ ቀስ እያለ ተደረደረ።
ከታች፣ በጨለማው ውስጥ፣
የጀሪካን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ።